የአንኮበር አሮጌ ብርና የሰብሳቢዎች ገበያ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ አንኮበር የሚሄድ መንገደኛ አብዛኛውን ጊዜ የሚሄደው የቀድሞዎቹን የሸዋ ነገሥታት አምባ ለማየት፥ ወይም ከገደሉ አፋፍ ላይ ቆሞ ቍልቍል የአፋርን ቆላ ለመመልከት ነው። እኛ ግን በ2010 ዓመተ ምሕረት በጥቅምት ወር ወደዚያ የሄድነው ዕዳ ለመክፈል ነበር። ዕዳውም በወረቀት ያልተጻፈ፥ ዋስ ያልተጠራበት፥ ባለ ገንዘቡም ያልጠየቀን ስለ ሆነ፥ አምስት ዓመት ያህል በልባችን ውስጥ ብቻ ሲጉላላ ኖረ። በየቤታቸው ሣጥን ውስጥ አንድ ሁለት አሮጌ ብር ያላቸው አንባብያን ጉዳዩ እነርሱንም የሚነካ ስለ ሆነ እስከ መጨረሻው ቢከተሉን ደስ ይለናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2005 ዓ.ም. ለሌላ ጉዳይ ወደ አንኮበር ሄደን ሳለን፥ ከቤተ መንግሥቱ ኮረብታ በታች የሚኖሩ አንዲት አሮጊት ወይዘሮ በመሐረብ የተጠቀለለ አንድ የዳግማዊ ምኒልክ ብር አሳዩን። ለልጅ ልጃቸው የትምህርት ቤት ልብስና ደብተር መግዣ ስለ ቸገራቸው ሊሸጡት አስበው ነበር። ስንት ይበቃዎታል ብለን ብንጠይቃቸው፥ «ደብረ ብርሃን ያለው አንጥረኛ በሚዛን የሚሰጠውን ያህል ስጡኝና ውሰዱት» አሉን። እንደ ቃላቸው ከፈልን፤ በላዩም ጥቂት ጨምረን፥ ደግ ሥራ የሠራን መስሎን በደስታ ተመለስን።

አዲስ አበባ ከገባን በኋላ አሮጌ ገንዘብ የሚሰበስብ አንድ ወዳጃችን ብሩን ወደ መስኮት አስጠግቶ እያገላበጠ ተመለከተው፤ ሁለተኛም በማጉያ መነጽር አየው፤ ከዚያም ሳይከራከር ከከፈልነው አራት እጥፍ ቈጥሮ ሰጠን። ጥቂት ወራት ቈይቶ ያው ወዳጃችን በባሕር ማዶ ለሚኖር ሌላ ሰብሳቢ በእጥፍ እንደ ሸጠው እየሳቀ አጫወተን። ብሩ ከመሐረቡ ከወጣ ጀምሮ በክብደቱ የገብስ ፍሬ ታህል እንኳ አልጨመረም። በየእጁ የጨመረው ስለ እርሱ የሚታወቀው ነገር ብቻ ነው፤ ያን የማያውቁት ደግሞ ባለቤቲቱ ነበሩ። እኛም ያ ትርፍ በኪሳችን ሳለ ደስ ይለን ነበር፤ ወጪ ከሆነ በኋላ ግን ይከብደን ጀመር።

በጥዋት ተነሥተን ደብረ ብርሃን የደረስነው ገና ብርዱ ሳይለቅ ነው። ከተማዪቱ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቅ፥ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር ከፍታ ላይ የተቀመጠች ስለ ሆነች፥ ጋቢ ያልያዘ እንግዳ ወዲያው ይታወቅባታል። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዓመት በሰማይ ብርሃን ታየ ሲባል ቦታውን ደብረ ብርሃን ብለው ሰይመው፥ ቤተ ክርስቲያን አሠርተው ብዙ ዘመን ተቀምጠውበታል። ዛሬ ዩኒቨርሲቲና ልዩ ልዩ ፋብሪካዎች ያሉበት ሰፊ ከተማ ነው። እኛ ግን የፈለግነው አንድ አንጥረኛ ብቻ ስለ ነበረ ወደ ገበያው አመራን።

አንጥረኛው ሱቁ ጠባብ፥ ሚዛኑ ግን የጸዳ ሰው ነው። አሮጌ ብር ሲመጣለት እንዴት እንደሚገዛ ጠየቅነው። እርሱም፥ «እኔ የምመዝነው ብሩን ነው፤ በላዩ የተጻፈውን አልመዝንም» ሲል መለሰልን። አባቱም እርሱም እጅግ ብዙ ጠገራ አቅልጠው መስቀል፥ አምባር፥ አልቦና የጆሮ ጉትቻ አድርገውታል። ልንፈርድበት አልቻልንም። ሙያው ይህ ነው፤ አባቶቻችንም ብር የሚሉት ዓይነተኛ ማዕድን ለብዙ ዘመን ወደ አንጥረኛው እሳት የገባው ከዚሁ ከጠገራ ነበር።

ስለ ጠገራ ጥቂት እንናገር። ጠገራ ብር የምንለው የኦስትሪያ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ መልክ ያለበት ገንዘብ ነው። ንግሥቲቱ በአውሮፓ አቈጣጠር በኅዳር 1780 ሞተች፤ ነገር ግን በቀይ ባሕር ወዲህና ወዲያ የሚኖረው ነጋዴ ያን መልክና ያን ዓመት ስለ ለመደ፥ ከሞቷ ወዲህ የተሠራው ሁሉ 1780 የሚል ቍጥር እየተጻፈበት ወጣ። ክብደቱ ከ28 ግራም በጥቂት ይበልጣል፤ ከዚህም ውስጥ ንጹሕ ብሩ ከ23 ግራም ይበልጣል። በጠርዙ ዙሪያ በላቲን ቋንቋ «ፍትሕና ርኅራኄ» የሚል ቃል ተቀርጾበታል። በ1935 ኢጣልያ አገራችንን ለመውረር ስትሰናዳ የማተሚያውን ቅርጽ ከኦስትሪያ ተቀብላ በሮማ ማተም ጀመረች፤ ወዲያውም እንግሊዞች በለንደን፥ ኋላም በቦምባይ አተሙት፤ በፓሪስና በብሩክሴልም ታትሟል። ስለዚህ በላዩ 1780 የሚለውን አንብቦ ዕድሜው ከሁለት መቶ ዓመት ይበልጣል ብሎ በውድ የሚገዛ ጀማሪ ሰብሳቢ ምናልባት የሚገዛው ከአያቱ በዕድሜ የሚያንስ ገንዘብ ነው። እንዲህ ያሉትን ገዢዎች በአዲስ አበባ አይተናል፤ ሻጮቹም አላረሟቸውም።

የአገራችን ሰው ግን እንዲህ በቀላሉ የሚታለል አልነበረም። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፥ የእንግሊዝ መንግሥት መልእክተኛ ካፒቴን ሃሪስ በ1841 ወደ አንኮበር መጥቶ ውል በተዋዋለበት ጊዜ፥ ከአንኮበር በታች ያለው የአልዩ አምባ ገበያ ቡናና ጨርቅ፥ አሞሌ ጨውም፥ በዚያም ክፉ ዘመን ባሪያ ጭምር የሚሸጥበት ትልቅ ገበያ ነበር። በዚያ ጠገራ የሚቀበል ነጋዴ አስቀድሞ ንግሥቲቱ በትከሻዋ ያደረገችውን ጌጥ ያይና የዕንቍዎቹን ፍሬ ይቈጥራል፤ ዘጠኝ ካልሞሉ ወይም ከተፋቁ ይመልሰዋል። ከመልኳ በታች ያሉትን ሁለት የላቲን ፊደሎችም ይመለከታል። ፊደሎቹ የጥንት የገንዘብ ማተሚያ ቤት ሹማምንት የስም ምልክት መሆናቸውን አያውቅም፤ ቢሆንም ከጠፉ አይቀበልም። ከሩቅ አገር የመጣው እንግዳ ብር ሁሉ አንድ ይመስለዋል፤ የአንኮበር ባላገር ግን ይለየዋል። ኢጣልያኖች በ1918 ይህንኑ ጠገራ የሚመስል፥ የሴት መልክ ያለበት ሌላ ብር ለኤርትራ አሳትመው ሳለ፥ ሕዝቡ አይቶ አልፈልግም ማለቱ የታወቀ ነው።

የዳግማዊ ምኒልክ ብር ታሪክ ከዚህ ይለያል። ምኒልክ በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው አንኮበር ገብተው በአባቶቻቸው ዙፋን ከተቀመጡ በኋላ፥ ወደ እንጦጦ እስኪዛወሩ ድረስ መቀመጫቸው ይህችው አምባ ነበረች። በ1879 በአውሮፓ አቈጣጠር ወደዚህ የመጣው ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግም ከጊዜ በኋላ ታላቅ አማካሪያቸው ሆነ። ንጉሠ ነገሥቱ በስማቸው ገንዘብ ባሠሩ ጊዜ ሥራው በፓሪስ ተፈጸመ፤ የመጀመሪያው 1887 ዓ.ም. የሚል ዘመን ተጽፎበታል። መጠኑም ሕዝቡ ከለመደው ከጠገራው ጋር እንዲተካከል ተደረገ። ሆኖም ባላገሩ ዘውድ የደፋውን የገዛ ንጉሡን መልክ እያከበረ፥ በገበያ ግን የባዕዲቱን ንግሥት ብር ይመርጥ ነበር። እንዲህ ያለው ነገር ዛሬ ቢያስቀንም፥ ገንዘብ በልማድ እንጂ በፍቅር አይሄድም።

ይኸው በዘመኑ ገበያ ቸል የተባለው ብር ዛሬ ሰብሳቢዎች ይሻሙበታል። የሚሻሙበትም ምክንያት ቸል በመባሉ ነው፤ ጥቂት ታትሟልና፥ ከታተመውም ብዙው ቀልጧልና። ሰብሳቢው አስቀድሞ ዘመኑን ያነባል፤ 1887 ከሆነ ልቡ ይመታል። ቀጥሎም የፓሪስ ምልክት የሆነችውን ፊደል ይፈልጋል። አንበሳው ያነሣው የቀኝ እግሩን ነው ወይስ የግራውን ብሎ ይመረምራል፤ ሁለቱም ዓይነት አለና። የጢሙ ጠጕር፥ የዘውዱ ጫፍ፥ የፊደሎቹ ጠርዝ አለመፋቃቸውን ያያል። ለማንጠልጠያ ከተበሳ፥ ወይም ጆሮ ተበይዶለት እንደ ሆነ፥ ፊቱን ያጠቍራል። ይልቁንም የታጠበና የተወለወለ ብር ሲያይ ያዝናል፤ በላዩ የዘመናት ጥላ እንዲኖርበት ይወዳልና። የዚህን ሁሉ ምልክት ዋጋ የሚያውቅ ሰው ከማያውቅ ሰው ሲገዛ ትርፉ እዚያው ላይ ነው።

ይህም በብር ብቻ አይደለም። በ1894 በፓሪስ የታተሙት የመጀመሪያዎቹ ሰባት የኢትዮጵያ ቴምብሮች፥ አራቱ የምኒልክ መልክ፥ ሦስቱ የይሁዳ አንበሳ ያለባቸው፥ በደብዳቤ ላይ ከተለጠፉት ይልቅ ወደ ሰብሳቢዎች መዝገብ የገቡት ይበዛሉ። ከጥቂት ዓመታት በኋላም በነዚያው ቴምብሮች ላይ «ቦስታ»፥ ቀጥሎም ሌላ ቃል በማኅተም ሲታተምባቸው፥ ነጋዴዎቹ ጥቂቱን ገዝተው ማቈየት፥ አስመሳዮቹም የሐሰት ማኅተም መቅረጽ ጀመሩ። በ1964 ዓ.ም. ደግሞ የቴዎድሮስ፥ የዮሐንስ፥ የምኒልክ፥ የዘውዲቱና የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መልክ ያለባቸው የአምስት ብር ገንዘቦች በንጹሕ ብር ተሠርተው ወጥተዋል። እነዚህ ከመጀመሪያውም ለሣጥን እንጂ ለገበያ አልታሰቡም። በእነርሱ የሚነግድ ሰው ትርፉን ቢወስድ ማንም አይጐዳም፤ ሻጩም ገዢውም የያዙትን ያውቃሉ። ከአንዲት አሮጊት መሐረብ በወጣው ግን እንዲሁ ለማለት ድፍረት አጣን። ከዚህም ጋር በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ አዋጅ፥ ቍጥሩ 209፥ ቅርስ የሆነ ዕቃ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል። ወዳጃችን ብሩን ወደ ባሕር ማዶ ሲልክ ፈቃድ ጠይቆ እንደ ሆነ እኛ አልጠየቅነውም፤ አለመጠየቃችንም ሌላው በደላችን ነው።

ከደብረ ብርሃን ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ስንጓዝ የገብሱ ማሳ ገና አላጨደም ነበር። ሜዳው በድንገት ያልቃል፤ ከዚያ ወዲያ ጉም ብቻ ነው። ጉሙ ሲገፈፍ ጅብራው በየዳገቱ ቆሞ፥ ጭላዳው በገደሉ አፋፍ ሣር እየነጨ ይታያል፤ ከታች ደግሞ ተራራው በተራራ ላይ እየተደረበ እስከ ቆላው ድረስ ይወርዳል። አንኮበር በዚህ ገደል አፍ ላይ የተንጠለጠለች በር ናት። ከጥንቱ ቤተ መንግሥት የቀረው የግንብ ፍርስራሽ ነው፤ በኮረብታው ላይ ለእንግዳ ማደሪያ የተሠራ ቤት አለ። ባለ ሥልጣኖች ቢሄዱ እንደማይቈጩ እናረጋግጣለን፤ ዳገቱን በእግር መውጣት ግን አይቀርላቸውም።

አሮጊቲቱ በሕይወት መኖራቸውን ስንሰማ እግዚአብሔርን አመሰገንን። በደጃፋቸው ፀሐይ ሲሞቁ አገኘናቸው። እጅ ነሥተን «እሜቴ፥ ያወቁን ይሆን?» ብንላቸው፥ ጥቂት አተኵረው አይተውን፥ «የምኒልክን ብር የወሰዳችሁት አይደላችሁም እንዴ?» አሉ። ገብተን ተቀመጥን። ቡና እየተቈላ ሳለም ነገሩን ሁሉ ሳንሸሽግ አጫወትናቸው፤ ያተረፍነውንም ገንዘብ አውጥተን ከፊታቸው አኖርን።

እሳቸው ግን ገንዘቡን ሳያዩ፥ «ብሩ አሁን የት ነው?» ሲሉ ጠየቁን።

«ከባሕር ማዶ ባንድ ሰው ቤት ነው። በመስተዋት ዕቃ ውስጥ ተቀምጧል፤ እጅም አይነካውም።»

«ምን ይሠራበታል?»

«ያየዋል።»

ወይዘሮዋ እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። ያ ብር ለእሳቸው ጥሎሽ የመጣ እንደ ነበረ፥ ቀጥሎም ለወንድማቸው ሚስት ጥሎሽ ተውሰውት ሄዶ እንደ ተመለሰ፥ በልጃቸውም ሰርግ ሦስተኛ እንደ ወጣ ነገሩን። «በሦስት ሰርግ የዞረ ብር፥ አሁን እንደ መነኵሴ በዓት ገባ በሉኛ» አሉ። ከዚያም ገንዘቡን ወስደው ሁለት ጊዜ ቈጠሩት። ቈጥረው ሲጨርሱም በመሐረባቸው ቋጥረው፥ «ይኸ የእናንተ ነው። ያኛው ሰው ያተረፈውስ?» አሉን። የምንመልሰው አልነበረንም። ወዳጃችንን ጠይቀነው እንደ ሆነ እንኳ አልነገርናቸውም፤ ጠይቀነው ግን፥ «ንግድ ነው» ብሎን ነበር።

ቡናው ከተጠጣ በኋላ ከጓዳ አንድ ድሪ አመጡ። በድሪው ላይ አምስት ጠገራ ተሰክቶበታል፤ ሁሉም እንደ መስተዋት ያበራል። ለመስቀል በዓል በሎሚና በአመድ አጥበውታል። እኛም እንደ አዋቂ ሆነን፥ ማጠብ ዋጋውን እንደሚሰብር፥ ሰብሳቢዎች ጥቍሩን እንደሚወዱ ልናስረዳቸው ጀመርን። እሳቸውም ተቈጡ። «ጥቍር ብር አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ቤተ ክርስቲያን ልሳለም ነው?» አሉ። እውነታቸውን ነው። ከዚያም ያለ መነጽር፥ በአውራ ጣታቸው ጥፍር ብቻ እየዳሰሱ፥ በንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ያሉትን ዕንቍዎች ቈጠሩልን፤ ዘጠኝ። በአምስቱም ላይ ዘጠኝ። ይህን ከእናታቸው፥ እናታቸውም ከእናታቸው ተምረውታል። የአልዩ አምባ ገበያ ዕውቀት በዚያች ጥፍር ላይ እስከ ዛሬ አለ። ስለ ምኒልክ ብር ግን የነገራቸው ሰው አልነበረም፤ በዚያ ዘመን የማይመረጥ ብር ስለ ነበረ ምልክቱን ለማጥናት ማንም አልደከመም።

ስለዚህ፥ «ያንን የምታውቁትን በወረቀት ጻፉልኝ» ብለው አዘዙን። ልጅ ልጃቸው፥ ያ ደብተር የተገዛለት ልጅ አሁን ጐልማሳ ሆኗል፥ ወረቀትና እርሳስ አመጣ። ዘመኑን፥ ፊደሏን፥ የአንበሳውን እግር፥ መበሳትና ማጠብ የሚያመጣውን ጉዳት፥ ያለ ፈቃድ ወደ ውጭ መላክ ክልክል መሆኑንም አንድ በአንድ ጻፍን። ወሬው ወዲያው በመንደሩ ተሰማና ሰው ሁሉ ያለውን እየያዘ ይመጣ ጀመር። ከቀትር እስከ ማታ ድረስ በዚያች ደጃፍ ላይ ተቀምጠን ብር ስናይ ዋልን። የመጣው አብዛኛው ተራ ጠገራ ነበር። ሁለት የምኒልክ አላድ ነበረ፤ ሁለቱም ተበስተዋል። አንዲት ሴት በ1936 ዓ.ም. ቍጥር የተሠራ የሃምሳ ሳንቲም ብር አመጣች። ከጠገራው መካከል ያ ኢጣልያኖች በ1918 ያሳተሙት ብር አንድ ተገኘ፤ ባለቤቱም አያቱ ተታልሎ የተቀበለው ነው እያሉ በቤታቸው ሲቀልዱበት የኖሩ ናቸው። ሰብሳቢዎች ይህን ከተራው ጠገራ አብልጠው እንደሚከፍሉበት ስንነግራቸው አላመኑንም።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል አንድ ሽማግሌ መጡ። ከቆዳ ከተሠራች ትንሽ ከረጢት አንድ ጠገራ አወጡ። እናታቸው ሲሞቱ የሰጧቸው እንደ ሆነ፥ በቸገራቸው ጊዜ ሁሉ እጃቸው ወደ እርሱ ሄዶ ሳይሸጡት እንደ ተመለሱ ነገሩን። ተቀብለን በእጃችን ስንመዝነው ቀለለን። አሮጊቲቱ ወስደው ዕንቍውን ዳሰሱ፤ ሳይቈጥሩም ተዉት። በወፍጮው ድንጋይ ላይ ቢጥሉት ድምፁ እንደ ቆርቆሮ ሆነ። ሰዉ ሁሉ ዝም አለ።

ሽማግሌውም፥ «ስንት ያወጣል?» ሲሉ ጠየቁን።

አሮጊቲቱ ዐይን ዐይናችንን አዩን። እኛም እውነተኛውን ዋጋ ሳንናገር በመቅረታችን ምክንያት ይህን ሁሉ መንገድ መጥተን ሳለን፥ አሁን መዋሸት አልተቻለንም። «አባታችን፥ ብር አይደለም» አልናቸው።

ጥቂት ዝም ብለው ቈዩና፥ «እናቴ ግን ብር ነው ብላ ነው የሰጠችኝ» አሉ። ከወይዘሮዋ እጅ ተቀብለውም እንደ ቀድሞው በከረጢቱ ከተቱት፤ ገመዱንም ያው በለመዱት አቋጠር ቋጠሩት። ቤታቸው በመንገዳችን ላይ ስለ ነበረ በመኪናችን እስከ ጎረቤላ ድረስ አብረውን ሄዱ። በመንገድም ስለ ዘንድሮው የገብስ መከር አጫወቱን፤ ከረጢቷን ግን እስኪወርዱ ድረስ ከእጃቸው አልለቀቋትም።